ሁለት ዓይን ያለው ገዳይ

ይህ ጎንደር ውስጥ ፊልም ለሚወዱ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስጽፈው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። በዕለቱ ሰዓት ያልበቃኝን ደግሞ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ገበያ አለ፣ ኳስ አለ፣ ሠርግም አይጠፋም። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ፊልም ነው። እኔ ግን ከሥዕል ልጀምር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። እንግዳ ሰው ሲገባ መጀመሪያ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ያያል። የመላእክቱን ፊት። እኛ ልጆች ሆነን ስንገባ ግን ዓይናችን የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነበር። ወደ ሰማዕታቱ፣ ወደ ሲኦሉ እሳት። እናቴ እጄን ጎተት እያደረገች «ተሳለም እንጂ፣ ምን ያስገትርሃል?» ትለኝ ነበር። እኔ ግን እገተራለሁ። ጭካኔን በምስል ማየት ለጎንደር ልጅ ከቴሌቪዥን ጋር የመጣ ነገር አይደለም።

እነዚያን ሥዕሎች ስታዩ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ይሆናል። በድሮው የሥዕል ሥርዓታችን ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ነው የሚሣለው። ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው ግን በጎን ይሣላል። ገራፊው፣ ሰያፊው፣ ማዕዱ ላይ ያለው ይሁዳ፣ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ የኔታን ጠየቅኋቸው። በአጭሩ ነው የመለሱልኝ። «ከክፉ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትጋጠም ነው» አሉኝ።

ይህን መልስ ብዙ ዓመት ይዤው ዞሬአለሁ። ሠዓሊው ጭካኔውን አልደበቀም። ደሙም አለ፣ ሰይፉም አለ። ግን ተመልካቹ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ወስኖለታል። ወደ አንተ የሚያየው የሚገደለው ሰው ነው። ገዳዩ አያይህም። አንተም ዓይኑን አታገኘውም።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሦስት ወጣቶች ቤልጂየም ውስጥ አንድ ፊልም ሠሩ። ሬሚ ቤልቮ፣ አንድሬ ቦንዜል እና ቤንዋ ፑልቮርድ ይባላሉ። የፈረንሳይኛው ርእስ «ከቤታችሁ አጠገብ ተፈጸመ» እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሰው ውሻ ነከሰ» በሚል ስም ያውቁታል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ገንዘብ ስላልነበራቸው ዘመድና ጓደኛ ሰብስበው ነው የሠሩት። ገጸ ባሕርያቱን እንኳ በራሳቸው ስም ነው የጠሯቸው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ ብዙ ተወራለት።

ፊልሙ ሞኪዩመንተሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ታሪኩ ፈጠራ ነው፣ የሚሠሩት ተዋንያን ናቸው። የተቀረጸው ግን እንደ ዘጋቢ ፊልም ነው። ካሜራው ትከሻ ላይ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ሌንሱን እያየ ያወራል። ካሜራ ማኑ ሲሮጥ ትንፋሹ ይሰማል። አእምሯችን «ፊልም ነው እኮ» ይላል፤ ዓይናችን ግን «ይህ የሆነ ነገር ነው» ብሎ ይቀበላል። ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ። ንጹሕና የተረጋጋ ምስል ሰው ያደንቀዋል። የሚንቀጠቀጥ ምስልን ግን ያምነዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የተማሪ የመሰለ የፊልም ቡድን አንድን ሰው እየተከተለ ይቀርጻል። ሰውየው ቤን ይባላል። ሥራው ሰው መግደል ነው። ሰዎችን ገድሎ ገንዘባቸውን ይወስዳል። ደግሞም ጨዋታ አዋቂ ነው። ግጥም ይገጥማል። ስለ ሕንፃ አሠራር አስተያየት ይሰጣል። እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። አስከሬን ውኃ ውስጥ እንዳይንሳፈፍ ምን ያህል ክብደት ማሰር እንደሚያስፈልግ ያስረዳል፤ ለሕፃን ይህን ያህል፣ ለሽማግሌ ይህን ያህል እያለ። ድምፁ የሂሳብ አስተማሪ ድምፅ ነው።

ተመልካቹ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ሳየው ስቄያለሁ። ያፈርኩት ኋላ ነው።

ቤን በጎን አልተሣለም። ሁለት ዓይን አለው። ፊት ለፊት ያይሃል፣ ፈገግ ይልሃል፣ ያጫውትሃል። የሚሞቱት ሰዎች ናቸው በጎን የሚታዩት። አንዷን በጨረፍታ፣ ሌላውን በጀርባው፣ ሌላውን መሬት ወድቆ። ስማቸውን እንኳ አናውቅም። የየኔታ ሥዕል ተገለበጠ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው እኔ ነገሩ የገባኝ።

ቡድኑስ? መጀመሪያ ይቀርጻል ብቻ። «እኛ ጋዜጠኛ ነን፣ የሚሆነውን እንቀርጻለን» የሚል ይመስላል። ቀጥሎ መብራት ያበራለታል። ቀጥሎ አስከሬን ያግዘዋል። ገንዘብ ሲያልቅባቸው ገዳዩ ከዘረፈው ሰጥቷቸው ሥራው ይቀጥላል። በመጨረሻ አንድ ሌሊት እነሱ ራሳቸው የግፉ ተካፋይ ይሆናሉ። በአንዲት ሴትና በባሏ ላይ ነው። ዝርዝሩን አልነግራችሁም። እዚያ ላይ የሚስቅ ሰው የለም። ፊልሙ ሳቁን ይነጥቅሃል። ከዚያ ዞር ብለህ ራስህን ትጠይቃለህ፤ እስከ አሁን የሳቅሁት ምን ላይ ነበር?

አንድ ነገር ልጨምር። የዋናው ተዋናይ እናትና አያቶቹ ፊልሙ ውስጥ አሉ። ራሳቸውን ሆነው ነው የሚታዩት። ፊልሙ በእውነት ስለ ምን እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም ነበር። ልጃችን ጎበዝ ነው እያሉ በፍቅር ያወሩለታል። ይህን ሳውቅ ከግድያዎቹ ሁሉ በላይ የከበደኝ ይህ ነው። ፊልሙ ስለ ካሜራ በደል ይናገራል፤ እግረ መንገዱን ደግሞ የገዛ አያቶቹን ሳያውቁ ገዳይ ቤት ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ትልቅ ፊልም ነው እላለሁ። ይህን ግን ይቅር ብዬ አላልፈውም።

ፊልሙን ዛሬ ለምን አላሳየንም ብላችሁ ይሆናል። አዘጋጆቹም ጠይቀውኝ ነበር። እንቢ አልኩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን ምን አይቶ እንደመጣ አላውቅም። ባለፉት ዓመታት ብዙ አይተናል። አንድ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ምን ሊያይ እንደሆነ አውቆ ቢያየው ያ የራሱ ውሳኔ ነው። ንግግር ልስማ ብሎ የመጣን ሰው ግን በር ዘግቶ ማሳየት ሌላ ነው።

ስለ እኛ ልጅነት ላውራ። ቪዲዮ ቤት ነው ያደግነው። ጣውላ አግዳሚ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ፣ አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን። ስንት ሰው ሞተ ብለን እንቆጥር ነበር። «አክተሩ አይሞትም» ነው ሕጉ። አክተሩ ካልሞተ ሌላው ሁሉ ቢያልቅ ግድ የለንም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከበስተኋላ አለቀሰ። ፊልሙ ላይ የሞተው ዝም ብሎ በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነበር። አባቱ ዘበኛ ነው። ሳቅንበት። እስከ ዛሬ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ፊልሙን በትክክል ያየው እሱ ብቻ ነበር።

ሳቁ እንዴት እንደሚወስድህ የሚያሳይ አንድ ጥንታዊ ታሪክ አለ። አውግስጢኖስ ነው የጻፈው፤ የሰሜን አፍሪካ ሰው ነው። አሊፒዮስ የሚባል ጓደኛ ነበረው። ሮም ውስጥ ሰው ከሰው ጋር እስከ ሞት የሚዋጋበትን ትርዒት ይጠላል። ጓደኞቹ ጎትተው ወሰዱት። «ሥጋዬን ብትወስዱ ልቤን አትወስዱም» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጆሮውን ግን አልደፈነም። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ገለጠ። ከዚያ በኋላ መጨፈን አልቻለም። ሌላ ጊዜ እሱ ራሱ ሌሎችን ይዞ ይመጣ ጀመር። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። የዛሬው ጩኸት በልብና በሳቅ ምልክት ከቪዲዮው ሥር ይመጣል እንጂ ያው ጩኸት ነው።

በዚህ ዓይነት ፊልም ሁሉም አንድ ቦታ አይደርስም። ሁለቱን ብቻ ላንሳ።

እንግሊዛዊው ፒተር ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1965 ለቢቢሲ አንድ ፊልም ሠራ። የኒውክሌር ቦምብ እንግሊዝ ላይ ቢወድቅ ምን ይሆናል የሚል ነው። ታሪኩ ፈጠራ፣ አቀራረጹ ዜና ነው። የተሳተፉት በአብዛኛው ተራ ሰዎች ናቸው፤ የሰፈር ሰዎች። ቢቢሲ ፈራና ሳያሳየው ቀረ። በቴሌቪዥን የታየው ከሃያ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በመሃል ግን ሲኒማ ቤት ታይቶ በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አገኘ። ያልሆነ ነገር ቀርጾ የዘጋቢ ፊልም ሽልማት! እዚያ ውስጥ ጭካኔ ሞልቷል። ነገር ግን ካሜራው ከተቃጠሉት ሰዎች ጋር ነው። ወደ አንተ የሚያዩት እነሱ ናቸው። በአንድ ዓይነት ጥበብ ተሠርተው አንዱ ከገዳዩ ጎን ያቆምሃል፣ አንዱ ከቆሰለው ጎን።

ሁለተኛው የጣሊያኑ ሩጄሮ ዴዮዳቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980። ለፊልም ብለው በጫካ ሰዎች ላይ ግፍ ስለሚፈጽሙ ዘጋቢዎች ነው የሚተርከው። ከእውነት ጋር በጣም ስለተመሳሰለ የጣሊያን ባለሥልጣናት ፊልሙን ያዙት። ዳይሬክተሩ ተዋንያኑ በሕይወት እንዳሉ ማስረዳት ነበረበት። ሰዎቹ ደኅና ነበሩ። እንስሳቱ ግን በእውነት ተገድለዋል። አንዲት ትልቅ ኤሊ ካሜራ ፊት ታርዳለች፤ በእውነት። ዘጋቢዎች ለምስል ብለው ግፍ ይሠራሉ ብሎ የሚከስ ፊልም ለምስል ብሎ ገደለ። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

እዚህ ድረስ ስለ ሌላ አገር አወራሁ። አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ። የአዲስ ዓመት ዕለት ነው። በማግሥቱ ንጉሡ ይወርዳሉ። በዚያ ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ አሳየ። ምስሉን ቀደም ብሎ የቀረጸው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነበር። ደርግ ግን እንዳለ አላሳየውም። በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስ ገባበት፤ ኬክ፣ ሻምፓኝ፣ ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች። የረሃቡ ምስል እውነት ነው። ድግስ መኖሩም እውነት ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሦስተኛ ነገር ተወለደ፤ ቁጣ። ቁጣው ተገቢ አልነበረም አልልም። ሰው ተርቦ ተደብቋል። ነገር ግን ያን ማታ የተራቡት ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ መሣሪያ ሆኑ። መቀስ የያዘ ሰው ኃይል እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳየን የለም።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ሚያዝያ 1969 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸው ጠርሙሶች አንሥቶ ከሰከሰ። ያንን ምስል ሁላችሁም አይታችሁታል። እስቲ እንደ ፊልም ሠሪ እዩት። መድረክ አለ፣ ሕዝብ አለ፣ ካሜራ አለ፣ የተዘጋጀ ደም አለ። ትያትር ነው። ከትያትሩ በኋላ የፈሰሰው ግን የሰው ደም ነው።

ያ የቀይ ሽብር ዘመን ለጎንደር ምን እንደነበር ከእኔ ይልቅ አክስቴ ትንገራችሁ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ወፍጮ ቤት ስትሄድ የጎረቤታቸው ልጅ አስፋልት ዳር ተጋድሟል። ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን አላነበበችውም። ያየችው ጫማውን ነው። አንዱ እግሩ ላይ ጫማ የለም። ትንሽ ራቅ ብለው የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። አስከሬኑን አይደለም የሚያዩት። የሚያልፈውን ሰው ፊት ነው የሚያዩት። ማን ያለቅሳል? የሚያለቅስ ዘመድ ነው፣ ጓድ ነው፣ ይፈለጋል። አክስቴ እህሏን ተሸክማ ፊቷን ሳታጠቁር አለፈች። ወፍጮ ቤት ስትደርስ ነው የተንቀጠቀጠችው።

በዚያ ዘመን የጎንደር እናቶች አስተዳዳሪውን እንዲህ ብለው ለመኑት፤

መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።

ይህ ግጥም እንኳ በሹክሹክታ ነው የተባለው። በብዙ ቤት ለቅሶ ተከልክሏል። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው፤ ድንኳን ግን የለም፣ ፍትሐት የለም፣ ደረት መድቃት የለም። ትእዛዙ «እይ» ነው። «እይ፣ ግን አታልቅስ»።

ይህን ትእዛዝ ስሙልኝ። የዛሬው ዋና ነገሬ እሱ ነው። እይ፣ ግን አታልቅስ። ገዳዩ ተመልካችን የሚፈልገው እንዲህ አድርጎ ነው። ቤን የሚባለው ገዳይ የሚፈልገው እንዲህ ዓይነት ተመልካች ነው። ዛሬ ማታ ስልካችን ላይ የሚመጣውም ቪዲዮ እንዲሁ።

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.ን አስታውሱ። አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ገድሎ ቪዲዮውን ለቀቀ። ያንን ነገር የሠራው ሰው ፊልም አይቶ ያደገ ሰው ነው። ብዙ ካሜራ ነበረው፣ ዜማ ነበረው፣ አቀማመጡ ተጠንቷል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ኤዲት አድርጎታል፤ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይዘግይ ብሎ መርጧል። ፓርላማው የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት አለቻቸው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያመኝ አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የሆነው ነው። ቤተሰብ ልጁን የለየው ከስክሪን ላይ ነው። መርዶውን የነገረው ገዳዩ ነው ማለት ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ይህ ሕዝብ ለዚህ ሥርዓት አለው። ሰው ሩቅ አገር ሞተ ተብሎ ሌሊት አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመክራሉ። ጎረቤት ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። ጎህ ሳይቀድ እናቲቱ በር ላይ ይደረሳል። ከአጠገቧ የሚይዛት ሰው ይቀመጣል፤ ራሷን እንዳትጎዳ። የሚናገረው ሰው ይመረጣል። ከዚያ ነው ቃሉ የሚወጣው። ቃሉ ሲወጣ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይጮኻል። ማንም ብቻውን አይረዳም። አንድ ክሊፕ በቴሌግራም ፎርዋርድ ስናደርግ የምናፈርሰው ይህን ሁሉ ነው። እናቲቱ ሊጥ እያቦካች ይሆናል። ስልኩን የሚያሳያት የአሥር ዓመት ልጅዋ ይሆናል።

ባለፉት የጦርነት ዓመታት ስልካችን የተሞላበትን ቪዲዮ አስቡ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ አልገባበትም፤ ከሁሉም ወገን መጥቷል። ብዙው የተቀረጸው በማን ነው? በሚገድለው ወይም ከሚገድለው ጎን በቆመው ነው። አንዳንዱ ላይ የሚስቅ ድምፅ ይሰማል። የሚስቀው ሰው ለካሜራው በጣም ቅርብ ስለሆነ ነው ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው። ስልኩን የያዘው እሱ ነው። አንተ ስክሪኑን ስትከፍት የቆምክበት ቦታ የእሱ ቦታ ነው። ከእሱ ትከሻ ላይ ሆነህ ነው የምታየው። «ግፉን ለማውገዝ ነው ሼር ያደረግሁት» ትላለህ፤ ልብህም ንጹሕ ነው፤ አምንሃለሁ። ግን ገዳዩ የፈለገው እንዲታይለት ነው። አንተ አደረስክለት። የቤልጂየሙ ቡድንም መጀመሪያ መብራት ነው ያበራው።

ስለዚህ እኔ አንድ ልማድ አበጅቻለሁ። ቪዲዮ ሲመጣልኝ እውነት ነው ወይ፣ ውሸት ነው ወይ ብዬ ከመጠየቄ በፊት «ካሜራውን የያዘው ማን ነው?» እላለሁ። የሚሸሽ ሰው ነው? የተደበቀ ሰው በመስኮት ቀዳዳ የቀረጸው ነው? ወይስ ተረጋግቶ የቆመ ሰው ነው? የፈራ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። ገዳይ አጠገብ ቆሞ የማይንቀጠቀጥ እጅ ካየሁ እዘጋዋለሁ። በእርግጥ እጁን ሆን ብሎ የሚያንቀጠቅጥም አለ፤ ሞኪዩመንተሪ ያስተማረን ይህንንም ነው። ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይረዳኛል።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራዬ ቪዲዮ ነው፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር እቀርጻለሁ። አሥር ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ አዘዞ አካባቢ የአንድ ወጣት ቀብር እንድቀርጽ ተጠራሁ። እህቱ ውጭ አገር ናት፤ መምጣት አልቻለችም፣ ገንዘብ ልካ አስቀርጹልኝ አለች። አዲስ ካሜራ ገዝቼ ነበር። እናቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ነጭታ፣ የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ እየዞረች ታለቅሳለች። ዙም አደረግሁ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ፎከስ ውስጥ ገባልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያኔ ደስ አለኝ። ተሳካልኝ ብዬ። ጠጋ አልኩ። ትንሽ ደግሞ ጠጋ አልኩ።

አንዲት እማሆይ መጥተው መዳፋቸውን ሌንሱ ላይ አደረጉ። አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ አልቅስ። ከዚያ ትቀርጻለህ» አሉኝ።

ካሜራውን አወረድኩ። ሟቹን አላውቀውም። ግን አለቀስኩ። እዚያ ሰው መሃል ቆሞ አለማልቀስ ይከብዳል። በኋላ ከድንኳኑ ጫፍ ቆሜ፣ ከሩቅ፣ ሰፋ አድርጌ ቀረጽኩ። የእማሆይ የጣታቸው አሻራ ሌንሱ ላይ ነበር፤ ምስሉ በአንድ ጥግ ደብዘዝ ብሏል። አልጠረግሁትም።

ከወራት በኋላ እህቱ ደወለችልኝ። ቪዲዮውን ደጋግማ እንደምታየው ነገረችኝ። የእናቷን እንባ በቅርብ ያነሳሁበት ቦታ ሲደርስ ታሳልፈዋለች። የምታየው ያን ሰፊውን ምስል ነው። እያቆመች ሰው ትቆጥራለች። እነ እገሌ መጥተዋል፣ የእድሩ ሊቀ መንበር አለ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ በሙሉ መጥተዋል እያለች። ወንድሟ ብቻውን አለመቀበሩን ነው የምታየው።

ንግግሩ ሲያልቅ ጥያቄ ነበር። አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ጋሼ፣ ሁላችንም ዘግተን ከሄድን ማን ይመሰክራል?» አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እንደገና ላስብበት ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ። ማስረጃ ይጥፋ አላልኩም። ቪዲዮ ያለው ሰው ለሚያጣራ፣ ለሚመዘግብ ይስጥ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደላከው ጽፎ ይያዝ። የደርግ ባለሥልጣናት ሲከሰሱ ከዋናው ማስረጃ አንዱ ራሳቸው ጽፈው ያስቀመጡት ሰነድ ነበር። መመስከር ማለት ግን ለመቶ ሰው ግሩፕ መልቀቅ አይደለም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ይኖር ይሆናል። አጽም አለ፣ ይከብዳል። ግን ግድግዳው ላይ በብዛት የተደረደረው የሰዎቹ ፎቶ ነው። በሕይወት እያሉ የተነሡት፤ አፍሮ ያበጠረ፣ ክራባት ያሰረ፣ ፈገግ ያለ። ሁሉም ሙሉ ፊት ናቸው። ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ወደ አንተ ያያሉ።

ሰው ሲበተን አንድ ልጅ ቀረ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ይሆነዋል። ስልኩን ይዞ ቆሟል። «ጋሼ፣ እኔም አንድ አለኝ። ከሞተ አንድ ዓመት ሆነው። ጓደኛዬ ነው። ላጥፋው አልቻልኩም፣ ላየውም አልቻልኩም» አለኝ። ስልኩን ሊከፍት ሲል እጄን እጁ ላይ አደረግሁ። ፒያሳ ወርደን ሻይ አዘዝን። ስሙ ማን ነበር አልኩት። ነገረኝ። ከዚያ የሚጫወትበትን ቦታ ነገረኝ፤ ግራ መስመር ነው፣ ግን ቀኝ እግረኛ ነው፣ ለዚህ ኳሱን ሁሌ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ዳቦ በሚጥሚጣ ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ ተበድሮት የማያውቀውን ሃያ ብር መለሰለት። እያወራ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው። አስተናጋጇ ሻዩ ስለቀዘቀዘ ሳንጠይቃት ቀየረችልን። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። እስክንለያይ ድረስ አልተነሣም።